መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች፤ ከድሬዳዋ ትኩሳት የሚገኝ ትምህርት

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በኢትዮጵያ ከተሞች ሕመምተኛ ወደ መድኃኒት ቤት ቀርቦ «ይህን መድኃኒት ሰውነቴ ስለለመደው አይሠራልኝም፤ ጠንከር ያለ ይሰጠኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የለመደ አካል መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የለመደው ጀርሙ እንጂ የሰውየው ገላ አይደለም። ይህ የአነጋገር ስሕተት ቀላል መስሎ ቢታይም የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ሰው መላመድን የራሱ ገላ ጠባይ አድርጎ ከቆጠረው ነገሩ የግል ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። የለመደው ጀርሙ መሆኑን ከተረዳ ግን፣ ጀርም ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር ስለሆነ፣ በአንድ ቤት ያለአግባብ የተዋጠ ክኒን የጎረቤትን ልጅ ሊጎዳ እንደሚችል ይገባዋል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የወል ሀብት ነው መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር አንድ ነው። መድኃኒትን የመላመድ ችግር በይበልጥ የሚገታው መድኃኒቱ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ነው። ይኸውም አንደኛ፣ በሽታውን በምርመራ ለይቶ በማወቅ፤ ሁለተኛ፣ በሽታው ከመነሻው እንዳይደርስ ውኃንና ንጽሕናን በማደላደል ነው። ለዚህ አሳብ ድሬዳዋ ከብዙ ከተሞች ይልቅ ግልጽ ምስክር ሆና ትገኛለች። በሚከተለው ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

መላመድ እንዴት ይመጣል?

ጀርሞች እጅግ ፈጣን ተራቢዎች ናቸው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ምቹ ሁኔታ ካገኘ በ20 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ሲባዛ በዘር ቅጂው ላይ አልፎ አልፎ ስሕተት ይፈጠራል። ከእነዚህ ስሕተቶች አብዛኞቹ ለጀርሙ የማይረቡ ሲሆኑ ጥቂቶቹ ግን መድኃኒትን ለመቋቋም ያስችሉታል። መድኃኒት በሌለበት ጊዜ ይህ ችሎታ ብዙም አይጠቅመውም። መድኃኒት በመጣ ጊዜ ግን ደካሞቹ ሲያልቁ ቻዩ ብቻውን ተርፎ ቦታውን ይወርሳል። እንግዲህ መድኃኒቱ ለማጁን ጀርም መርጦ ያስቀራል ማለት ነው። መድኃኒት በበዛና ያለቦታው በዋለ ቁጥር ምርጫው ይደጋገማል።

የመቋቋሚያው መንገድም ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ጀርም ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኤንዛይም ያመነጫል፤ አንዳንዱ የገባበትን መድኃኒት እንደ ፓምፕ መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አንዳንዱም መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ክፍል ለውጦ ይጠብቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ይህ ችሎታ ፕላዝሚድ በሚባሉ ትናንሽ የዘር ቀለበቶች አማካይነት ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ ሺጌላ የተባለው የደም ተቅማጥ ጀርም ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት የመቋቋም ችሎታን ከሌላ ባክቴሪያ ጋር እንደሚለዋወጥ አሳዩ። አዲስ አበባም ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ ጥናቶች ከሕመምተኞች የተገኙ የሺጌላና የሳልሞኔላ ጀርሞች ይህን ተላላፊ ችሎታ እንደያዙ መስክረዋል። ስለዚህ ነገሩ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ ከ40 ዓመት በላይ የታወቀ ነው።

ማስጠንቀቂያውም ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 ነበር። ፔኒሲሊን በሰፊው ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ በ1940፣ ኤድዋርድ አብርሃምና ኤርንስት ቼይን መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኤንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማት በተቀበለበት ንግግሩ፣ መድኃኒቱ እንደ ልብ በሚሸጥበት ዘመን ሰው ከሚገባው መጠን አሳንሶ እየወሰደ ጀርሞችን ሊያስተምር እንደሚችል አስጠንቅቋል። ሜቲሲሊን የተባለው መድኃኒት በ1959 በሥራ ላይ ሲውል ስታፊሎኮከስን ድል ያደርጋል ተብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የማይበገረው ስታፊሎኮከስ በእንግሊዝ አገር ተገኘ። በቀደሙት ዘመናት አንዱ መድኃኒት ሲደክም ሌላ አዲስ ይተካው ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን በእውነት አዲስ ክፍል የሆኑ መድኃኒቶች መገኘታቸው እጅግ ስለ ቀነሰ መተኪያው እየጠበበ ሄዷል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት ሞተዋል፤ ከዚሁ ችግር ጋር የተያያዘው ሞት ሲደመር ደግሞ 4.95 ሚሊዮን ደርሷል። ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲመዛዘን የሞቱ መጠን ከፍ ብሎ የተገኘው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። በ2024 የወጣው ተከታይ ጥናትም ነገሩ እንዳለ ከቀጠለ ከ2025 እስከ 2050 ባሉት ዓመታት ከ39 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቷል።

የቁጥሩ ትርጉም በአዋላጅ ክፍልና በሕፃናት ክፍል ውስጥ ይታያል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቁስሏ የሚድነው፣ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከደም ምርቀዛ የሚተርፈው ጀርሙ ለመድኃኒቱ ሲሸነፍ ብቻ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ከ2015 እስከ 2017 በጨቅላ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከደማቸው ከተገኙት ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ውስጥ 97 በመቶ ያህሉ አምፒሲሊንን፣ 70 በመቶ ያህሉ ደግሞ ጄንታማይሲንን የሚቋቋሙ ነበሩ። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ለጨቅላ ሕፃን የደም ምርቀዛ በመጀመሪያ እንዲሰጡ በዓለም ጤና ድርጅት የተመከሩ መድኃኒቶች መሆናቸውን ማንኛውም የሙያ ባልደረባ ያውቃል። ቀጥሎ ያሉት መድኃኒቶች ውድ ናቸው፤ በብዙ ቦታም አይገኙም።

ድሬዳዋ፤ አንድ ትኩሳት፣ ብዙ ምክንያት

ድሬዳዋ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድና የመተላለፊያ ከተማ ናት። ሰውና ዕቃ ሲመላለስ ከሰውና ከዕቃ ጋር በሽታ አምጪም ይመላለሳል። የዚህ ጉልሕ ምሳሌ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ናት። የትውልድ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ በአፍሪካ ቀንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት በጅቡቲ የተመዘገቡት የወባ ሕመምተኞች 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆኑ። በኢትዮጵያ ትንኟ በ2016 በቀብሪ ደሃር ከተገኘች በኋላ በድሬዳዋና በሌሎች የምሥራቅ ከተሞች መኖሯ ታውቋል።

ይህች ትንኝ ከነባሮቹ የወባ ትንኞች የምትለየው በከተማ መኖርን በመውደዷ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው በገንዳ፣ በበርሜልና በሮቶ በተጠራቀመ ውኃ ላይ ነው። ስለዚህም የዝናብ ወራትን መጠበቅ አያስፈልጋትም። ትንኞችን ለመከላከል የሚረጩትን የተለመዱ ፀረ ተባይ መድኃኒቶችም አብዛኞቹን ትቋቋማለች። ድሬዳዋ ውኃዋን የምታገኘው ከከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነዋሪው ውኃ ማጠራቀሙ ግዴታው እንጂ ጥፋቱ አይደለም።

ውጤቱም ታይቷል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉትና በ2023 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በ2019 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በድሬዳዋ የተመዘገቡት የወባ ሕመምተኞች 205 ሲሆኑ በ2022 በእነዚያው ወራት ቁጥሩ 2,425 ደረሰ። ወረርሽኙ በደረቁ ወቅት የመጣ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያ ጀምሮ በከተማው ውስጥ ሕመምተኞች በነበሩበት አካባቢ ከተያዙት የወባ ትንኞች አብላጫዎቹ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ። በወባው ተሕዋሲ ላይ የተደረገው የዘር ምርመራ ደግሞ ሁለት ከባድ ነገሮችን ገለጸ። አንደኛው፣ ከተሕዋስያኑ ብዙዎቹ ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው የዘር ክፍል የጎደላቸው በመሆናቸው ከመመርመሪያው ሊያመልጡ የሚችሉ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከአርቴሚሲኒን መድኃኒት ጋር በከፊል ከመላመድ ጋር የተያያዘው የዘር ለውጥ በውስጣቸው መገኘቱ ነው። ይህ ማለት መድኃኒቱ ፈጽሞ ከሸፈ ማለት አይደለም፤ የመክሸፍ ምልክት ታየ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ክሎሮኪን በመድከሙ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለፋልሲፓረም ወባ ሰልፋዶክሲን ፒሪሜታሚንን፣ እርሱም በመድከሙ በ2004 አርቴሜተር ሉሜፋንትሪንን መተካቷ ሲታወስ ምልክቱን ችላ ማለት እንደማይገባ ይታያል።

ወባ የባክቴሪያ በሽታ አይደለም፤ ታዲያ ስለ አንቲባዮቲክ በሚነገርበት ቦታ መነሣቱ ስለ ምን ነው ይባል ይሆናል። መልሱ ድሬዳዋ ባለፉት ዓመታት ባየችው ትኩሳት ላይ ይገኛል። በ2013 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ የተነሣው በዚህች ከተማ ሲሆን ከ11,000 በላይ ሰዎች ታመዋል። በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከ40,000 በላይ ሕመምተኞች አስመዝግቧል። የሁለቱም መነሻ ቫይረስ ነው፤ አስተላላፊዋ ኤዴስ የተባለች ትንኝም እንደ ስቴፈንሲ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። በ2022 የወባው ወረርሽኝ ተከተለ። ደንጊ፣ ቺኩንጉንያና ወባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ታይፎይድም፣ ታይፈስም፣ የሽንት ቧንቧ ምርቀዛም እንዲሁ ትኩሳት ያመጣሉ።

ምርመራ በሌለበት ወይም ምርመራው በማያስተማምንበት ቦታ ይህ ሁሉ ትኩሳት የሚገናኘው በአንድ መስኮት፣ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው። ሕመምተኛው የወባ ምርመራው «የለም» ሲለው ወይም ሳይመረመር ሲቀር አሞክሲሲሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝቶ ይሄዳል። ቫይረሱን አንዳቸውም አይነኩትም። በሰውየው አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒቱን ያገኙታል፤ ከእነርሱም ቻዩ ይመረጣል። ትኩሳቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሱ ሲበርድ ምስጋናው ለክኒኑ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ትኩሳትም ያው ክኒን ይፈለጋል። እንዲህ ሆኖ የውኃ እጥረት ትንኝን፣ ትንኝ ትኩሳትን፣ ያልተለየ ትኩሳት ያልተፈለገ መድኃኒትን፣ ያልተፈለገ መድኃኒትም ለማጅ ጀርምን ይወልዳል። የድሬዳዋ ትምህርት ይህ ሰንሰለት ነው።

የምርመራው ጉድለት በፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ብቻ አይወሰንም። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ በኢትዮጵያ በየጤና ተቋሙ የተለመደ ቢሆንም ቀድሞ ከተያዘ ሰው ወይም ከሌላ በሽታ የተነሣ «አለ» ሊል እንደሚችል ባለሙያዎች ያውቁታል። በአንድ ጊዜ በተወሰደ ደም ብቻ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የተባለ ሰው ቁጥር ከእውነተኛው ሕመምተኛ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። ይህ ሁሉ ሰው ግን አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል።

ባክቴሪያን በማሳደግ የሚደረገው ምርመራ፣ ባለሙያዎች ካልቸር የሚሉት፣ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት ከድሬዳዋ አለመራቅ ይቻላል። በ2015 በድል ጮራ ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ 186 እናቶች ላይ በተካሄደ ጥናት 14 በመቶ በሚሆኑት ሽንት ውስጥ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ ቀዳሚውም ኢ. ኮላይ ነበር። ከተገኙትም ጀርሞች ከአንድ በላይ መድኃኒት የሚቋቋሙ ነበሩባቸው። ለነፍሰ ጡር የማይሰጡ መድኃኒቶች ብዙዎች ስለሆኑ ምርጫው ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው። ጀርሙንና የሚሸነፍበትን መድኃኒት ሳያውቁ በግምት ማከም ለእናቲቱም ለፅንሱም አደጋ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ተረት ለሕመምተኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በሽታው ተደብቆ እንዲቆይ ለሚተው ሐኪም ቤትም ይሠራል።

ከሥጋ ደዌ የተገኘ ተስፋ

መላመድ የማይመለስ ዕጣ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌም ከኢትዮጵያ ይገኛል። ከሐረር ወጣ ብሎ በሚገኘው በቢሲዲሞና በሌሎች ማዕከሎች ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙት ዳፕሶን በተባለ አንድ መድኃኒት ብቻ ነበር። ዳፕሶን ርካሽና በአፍ የሚወሰድ ስለሆነ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ነገር ግን በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የተደረጉት ጥናቶች፣ ለዓመታት ዳፕሶን የወሰዱት ብቻ ሳይሆኑ መድኃኒቱን ከቶ ቀምሰው የማያውቁ አዳዲስ ሕሙማን ጭምር መድኃኒት የለመደ ጀርም እንደያዙ አረጋገጡ። የለመደው ጀርም ከሰው ወደ ሰው ተሻግሮ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን በአንድነት እንዲሰጡ የመከረው ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የተሰበሰበውን እንዲህ ያለ ማስረጃ ከመረመረ በኋላ ነው። አንዱን መድኃኒት ያመለጠ ጀርም በሌላው ይያዛል፤ ሁለቱንም በአንድነት የማምለጥ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ከ1995 ወዲህ መድኃኒቶቹ ለሕሙማን በነፃ ይሰጣሉ። በ2000 በሽታው በዓለም ደረጃ የሕዝብ ጤና ችግር ከሚባልበት መጠን በታች ወረደ።

ይህ ድል ብዙ ነገር በአንድነት የሠራው ነው። በሽታው ተለይቶ ታወቀ፤ የመድኃኒቱ ቅንብር በማስረጃ ተወሰነ፤ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ በነፃ ቀረበ፤ ሕሙማኑም ጨርሰው እስኪወስዱ ድረስ በቅርብ ተከታተሏቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሦስቱ መድኃኒቶችም የዳፕሶንን መንገድ በተከተሉ ነበር። ለሌሎቹ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች የጎደለውም ይኸው ቅንጅት ነው።

ክልከላ ብቻ ስለ ምን አይበቃም?

አንቲባዮቲክ ያለሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ በሕግ ተወስኗል። ውሳኔው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ በሥራ ላይ የሚውለው ሕመምተኛው ሌላ በር ሲኖረው ነው። የዕለት ሠራተኛ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ ተራ ሲጠብቅ ውሎ፣ ለምርመራ ከፍሎ፣ ውጤቱ ሳያስተማምን ቢቀር በሚቀጥለው ጊዜ ወደ መድኃኒት ቤት በቀጥታ መሄዱ አያስደንቅም። ገንዘቡ ለሰባት ቀን ስለማይበቃም የሦስት ቀን ይገዛል። ይህን ሰው በመገሠጽ ብቻ መላመድ አይቆምም።

ሌላው መዘንጋት የሌለበት ነገር፣ በገጠር ዛሬም አንቲባዮቲክ በማጣት በሳንባ ምች የሚሞት ሕፃን መኖሩ ነው። ስለዚህ ግቡ መድኃኒትን ከሁሉም ሰው ማራቅ ሳይሆን ለሚያስፈልገው አቅርቦ ከማያስፈልገው ማራቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2024 በዚሁ ጉዳይ ላይ ባወጣው መግለጫ፣ በ2030 መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች የሚደርሰው ሞት በ10 በመቶ እንዲቀንስ፣ ለሰው ሕክምና ከሚውሉት አንቲባዮቲኮችም ቢያንስ 70 በመቶው የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ እንዲሰጡ ከመደባቸው ክፍል እንዲሆኑ የአባል አገሮች መስማማታቸው ከዚሁ አሳብ ጋር ይስማማል። ኢትዮጵያም የራሷን ብሔራዊ ስልት በ2011 ካወጣች በኋላ እያሻሻለች ቀጥላለች፤ በ2017 ደግሞ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተመረጡ ላቦራቶሪዎች የመላመድ ክትትል ጀምሯል። መመሪያው አለ፤ የሚቀረው መመሪያውን በየከተማው ወደ ዕለት ሥራ መለወጥ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ላቦራቶሪ ይቅደም። የካልቸር ምርመራ የሚሠራ ሆስፒታል ውጤቱን ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ ሰጥቶ ፋይሉን መዝጋት የለበትም። የዓመቱ ውጤት ተደምሮ በከተማው የትኛው ጀርም በየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ቢዘጋጅ፣ ካልቸር የማይሠራ ጤና ጣቢያም ሆነ የግል ክሊኒክ በእርሱ ይመራል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ መዝጋቢ፣ መሪ ባለሙያና የማይቋረጥ የላቦራቶሪ ዕቃ ያስፈልጋል። የወባ ፈጣን መመርመሪያ «የለም» ሲልም ምልክቱ ያጠራጠረው ባለሙያ በማይክሮስኮፕ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ውኃ የሕክምና ሥራ ሆኖ ይቆጠር። የሮቶና የበርሜል ክዳን በሚገባ መግጠም፣ ገንዳን በየሳምንቱ አድርቆ መፈግፈግ፣ ከሁሉም በላይ የቧንቧ ውኃ ሳይቋረጥ እንዲደርስ ማድረግ ትንኝን ይቀንሳል። ንጹሕ ውኃና የእጅ መታጠብ ተቅማጥን ይቀንሳል። በሆስፒታል ውስጥም የእጅ ንጽሕና ለማጁን ጀርም ከአልጋ ወደ አልጋ እንዳይሄድ ያግደዋል። ክትባትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ኢትዮጵያ የሳንባ ምች ክትባትን በ2011፣ የሮታ ቫይረስ ክትባትን በ2013 በመጀመሯ ሕፃናት ከሕመም ብቻ ሳይሆን ካላስፈላጊ መድኃኒትም ይጠበቃሉ። ያልታመመ ሰው አንቲባዮቲክ አይፈልግም።

ሦስተኛ፣ የመድኃኒት ባለሙያው ድርሻ ይታወቅ። መስኮቱ ላይ የቆመው ባለሙያ ከሕመምተኛው ጋር የሚነጋገር የመጨረሻው ሰው ነው። መድኃኒቱን ስለ ምን፣ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን እንደሚወስድ መንገር፣ የታዘዘውን ሳይከፍሉ መስጠት፣ የተረፈ ክኒን ለቤተሰብ እንዳይታደል ማስጠንቀቅ የእርሱ ሥራ ነው። የዛሬው ዕውቀት ለአንዳንድ በሽታዎች አጠር ያለ ሕክምና እንደሚበቃ ያሳያል፤ ነገር ግን ስንት ቀን እንደሚበቃ የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ የሕመምተኛው መሻል አይደለም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር የመድኃኒት አቀማመጥም ከዚሁ አይለይም። ለሕፃናት በውኃ የሚበጠበጠው አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለው ሽሮፕ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማለቅ ይኖርበታል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ይህን ሽሮፕ ከመውሰዱ በፊት ሊጠየቅ ይገባል። ኃይሉ የተዳከመ መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድል ያለማምደዋል። ምንጩ ያልታወቀና በድብቅ ድንበር ተሻግሮ የመጣ መድኃኒትም ተመሳሳይ አደጋ አለው።

አራተኛ፣ የሰውና የእንስሳ ሕክምና ይገናኝ። የሐረርጌ ገበሬ በሬ በማድለብ የታወቀ ነው፤ ከቆላው የሚመጣው የግመል ወተትም በድሬዳዋ ገበያ ይሸጣል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋ እንስሳ ሥጋውና ወተቱ ለምግብ ከመዋሉ በፊት መቆየት ያለበት ጊዜ አለ። ይህን ለአርቢው የሚነግረው የእንስሳት ሐኪም ከሆስፒታሉ ፋርማሲስት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ መምከር አለበት፤ ጀርሙ በሁለቱ መካከል ድንበር አያውቅምና።

አምስተኛ፣ ሕዝቡ በቋንቋው ይማር። በድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራሉ። «የለመደው ጀርሙ ነው» የሚለው አሳብ በሦስቱም ቋንቋ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በትምህርት ቤትና በእምነት ቦታዎች ሲነገር ክኒንን ከጎረቤት መዋዋስ ቸርነት መሆኑ ይቀራል።

ክቡራን ባልደረቦች፤

ከተዘረዘሩት ሥራዎች ውስጥ ለአንድ ሙያ ብቻ የሚተው የለም። ሐኪሙ ያለላቦራቶሪው፣ ላቦራቶሪው ያለዕቃ ግዢው፣ ፋርማሲስቱ ያለሐኪሙ፣ ሁሉም ያለውኃ መሥሪያ ቤቱ ብቻውን ምንም ያህል አይራመድም። የሙያ ማኅበር ጥቅሙ እነዚህን ወገኖች ማገናኘቱ ነው። ማኅበሩ ለመጪው ዓመት አንድ ተግባር ብቻ ቢመርጥ፣ በየከተማው ያሉ አባላት የካልቸር ውጤታቸውን አሰባስበው የመጀመሪያውን የከተማ ሰንጠረዥ እንዲያወጡ ማድረግ ተገቢ ጅምር ይሆናል። በሰንጠረዡ ላይ በአምፒሲሊንና በጄንታማይሲን አንጻር የሚጻፈው ቁጥር በዛሬዋ ሌሊት ለሚወለድ ሕፃን የሚቀርለትን መድኃኒት ያመለክታልና።